የፍልሰታ ድንች ከደምበጫ እስከ ቡሬ

የአማኑኤልን ከተማ ጥሎ ወደ ደምበጫ ለሚገሰግስ መንገደኛ በነሐሴ ወር ዐይን የሚሞላው በቆሎ ነው። በግራ በቆሎ፣ በቀኝ በቆሎ፤ አናቱ ላይ አብቦ፣ በጎኑ ፀጉሩን አንጠልጥሎ ቆሟል። በመሀል በመሀሉ ዳጉሳ፣ ራቅ ብሎ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያ ወዲያ ጉም። ድንች የለም። እኔ ደግሞ የመጣሁት ለድንች ነው።

ከደምበጫ መናኸሪያ ያሳፈረኝ የባጃጅ ሹፌር የመጣሁበትን ጉዳይ ሲሰማ መሪውን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ስለ ጤፍ አይጽፉም? ስለ በቆሎ አይጽፉም? ድንች ምኑ ይጻፋል፤ የሴት ጓሮ አይደል እንዴ!» አለኝ። የሴት ጓሮ ያለው እውነቱን ነው። ምኑ ይጻፋል ያለውን ግን ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባየሁት ሁሉ አልተቀበልኩትም። በዚህ አገር በሐምሌና በነሐሴ ድስቱ ጦሙን እንዳያድር የሚያደርገው እሱ የናቀው የሴት ጓሮ ነው።

ያረፍኩት ከተማው ዳር፣ እማማ በምላቸው በአንድ ወዳጄ እናት ቤት ነው። የቆርቆሮ ቤት፤ ከኋላው ጌሾ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጥላ ሥር የቆመ ጥቂት ቡና፣ አጥሩን ተከትሎ ደግሞ ድንቹ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ጫማ ላይ ከተለጠፈ በቢላ ካልተፋቀ አይለቅም። ደምበጫ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ናት። ድንች ከዚህም ከፍ ያለውን ደጋ ይወዳል፤ ቢሆንም እዚህ አይከፋውም። ምዕራብ ጎጃምን የሚያስቸግረውን አሲዳማ አፈር እንኳ ገብስና ባቄላ ሲያማርሩበት ድንች ችሎ ይበቅልበታል።

ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። እማማ ከቅዳሴ የተመለሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጸበል ቀምሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ታጠቁና ሰፌድ ይዘው ቀጥታ ወደ ጓሮ ገቡ። ዶማ አልያዙም። ምን ሊሠሩ ነው ብዬ ተከተልኳቸው።

ከአንዱ የድንች ግንድ ሥር ቁጢጥ አሉ። የታቀፈውን አፈር ከጎኑ በአራት ጣታቸው ከፈት አድርገው እጃቸውን እስከ አንጓቸው ድረስ አስገቡ። ፊታቸው ወደ እኔ ነው፤ ወሬ አላቋረጡም። ጣታቸው ውስጥ ውስጡን እየዳበሰ አንዱን ያልፋል፣ ሌላውን ያልፋል፣ ከዚያ ትልቁን አግኝቶ ከተንጠለጠለበት ቀጭን ሥር ቀስ ብሎ ይጠመዝዘዋል። ጡጫ የሚያህል ድንች ወጣ። አፈሩን መልሰው በመዳፋቸው ጠቅጠቅ አደረጉና ወደሚቀጥለው ግንድ ዞሩ። ተክሉ አልተናጋም፤ ቅጠሉም አልወደቀም።

«ለምን ነቅለው አያወጡትም?» አልኩ።

«አዬ ልጄ! ነቅዬውማ ምን ልበላ ኸዚያ በኋላ? ትልቁን ዛሬ ወሰድሁ፤ ትንሹ እስተ መስከረም ያድግልኛል። ጎተራው እኮ አፈሩ ነው።»

ስለዚህ አወጣጥ ባለሙያዎች ሲጽፉ አይቻለሁ፤ በደጋው አገር ሁሉ የታወቀ ነው። በምርት መጠን ብቻ የሚለካው ሰው አይወደውም፤ ሥሩ በተነካ ቁጥር ተክሉ ይጎዳል ይላል። ይጎዳ ይሆናል። ግን የእማማ ሒሳብ የሄክታር ሒሳብ አይደለም። እሳቸው የሚቆጥሩት የድስት ቀን ነው፤ በቆሎው እሸት እስኪደርስ ስንት ማታ ይቀራል የሚል ቆጠራ።

ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። ያምናው ጤፍ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለለቅሶና ለማኅበር ሲሸጥ ሰኔ ላይ ይሳሳል። አዲሱ እህል ገና ቅጠል ነው። የተረፈውንም ቢሆን በዝናብ ማስጣት፣ ወፍጮ ቤት ማድረስ፣ በእርጥብ እንጨት መጋገር አለ። ድንች ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ከአፈር ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ብረት ድስት ውስጥ ገብቶ ያንኑ ማታ ይበላል። ከተተከለ ከ90 እስከ 120 ቀን ይበቃዋል፤ ግንቦት መጀመሪያ ላይ የገባ ነሐሴ ላይ እጅ ይሞላል።

ያን ማታ የበላነው ሳይላጥ ነው። ትኩስ ድንች ልጣጩ ገና ስላልጠነከረ በጣት ሲነካ ይለቃል። ትንሽ ውሃ ብቻ ጨምረው፣ አፉን በጎመን ቅጠል ሸፍነው በእንፋሎት አበሰሉት። ማባያው የቡሬ በርበሬ፣ ጨውና ዘይት። አዲስ አበባ ውስጥ በየአስፋልቱ ዳር ከዳጣ ጋር የሚሸጠውን ቅቅል እወደዋለሁ፤ ከዚህኛው ጋር ግን ለውድድር አላቀርበውም።

ድንች ለኢትዮጵያ የቅርብ እንግዳ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ ሲሆን እዚያ ሰው ማልማት ከጀመረ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ወደ እኛ ያመጣው በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጻፋል። ሺምፐር ተክል ሊሰበስብ መጥቶ የቀረ ሰው ነው። ትግራይ ውስጥ ኖረ፣ ደጃዝማች ውቤ እንትጮ ላይ ሾመውት አገር ገዛ፣ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሞተ። ድንቹ ግን ለብዙ ዓመት ሰው ዘንድ አልገባም። የተስፋፋው በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ነው። ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. በቆየው በዚያ ዘመን የከብት በሽታው በሬውን ጨረሰው፤ ያለ በሬ ጤፍ ማረስ ጭንቅ ነው። ድንች ግን ዶማና ጉልበት ካለ ይተከላል። የገበሬው ልብ የተከፈተለት በዚህ ምክንያት ጭምር ይመስለኛል።

ከሺምፐር ድንች በፊት የነበረ ሌላ ድንች እንዳለም ልብ ይሏል። ከቡሬ ወደ ቲሊሊና ወደ ኮሶበር ሲወጡ ሰው የአገው ድንች የሚለው፣ ደቡብ ላይ የወላይታ ድንች የሚባለው፣ ቀጫጭን ጣት የመሰለው ሥር የአገሩ የራሱ ነው። ከዚህኛው ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኙም። ዛሬ በየጓሮው የሚታየው እየቀነሰ ነው፤ የሚተክሉት እንደ እማማ ያሉ አሮጊቶች ናቸው። እንግዳው ባለቤቱን ከጓሮ አስወጣው ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል አተካከሉን ጠየቅኋቸው። የግብርና መጽሐፍ በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ይላል። እማማ ሜትር አያውቁም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ክንድ ተኩል ለኩ፣ ከዚያ በመዳፋቸው ስንዝር ከግማሽ ለኩ። ስሞክረው ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰበሰ ፍግ ይጨምራሉ፤ ትኩስ ፍግ ያቃጥለዋል። ዘሩ ያጎነቆለ መሆን አለበት፤ ጉንቁሉ ወደ ላይ ይደረጋል። ተክሉ ስንዝር ሲያህል ይኮተኮትና አፈር ይታቀፋል። ሊያብብ ሲል ይደገማል።

አፈር ማስታቀፉን ሰነፍ ሰው ይዘለዋል፤ ትልቁ ጥፋትም እዚያ ነው። ድንቹ የሚንጠለጠለው ከግንዱ በሚወጣ ሥር መሳይ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ አፈር ካነሰው ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ የነካው ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው ድንች ይመራል፤ ሶላኒን የሚባል መርዝ አለበት፤ ሆድ ያገላብጣል። ተክሉ ካበበ በኋላ የሚያፈራው፣ ትንንሽ ቲማቲም የሚመስለው ፍሬም እንዲሁ መርዝ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ይህን ይወቅ።

የእማማ ጎረቤት ግን ዘንድሮ አልቀናትም። አጥር ለአጥር ናቸው፤ አፈሩ አንድ ነው፤ የእሷ መደብ ግን በእሳት የተለበለበ ይመስላል። ቅጠሉ ከጠርዙ ጠቁሯል፤ ጠዋት ገልብጬ ሳየው ከሥሩ ነጭ ሽበት መሳይ ነገር አለበት፤ ይሸታል። «ምች መታብኝ» አለች። ባለሙያው ሌት ብላይት ይለዋል። ቅዝቃዜና እርጥበት ከተገናኙለት በሳምንት ውስጥ መደብ ሙሉ ይጨርሳል። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። እዚያ ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ስለነበር ድንቹ ሲሞት ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። የደምበጫዋ ሴት በቆሎም ጎመንም አላት፤ ትተክዛለች እንጂ አትጠፋም።

ልዩነቱ ከምን መጣ? እማማ የተከሉት ግንቦት እንደገባ፣ ውሃ በጆግ እያጠጡ ነው፤ ጎረቤቲቱ ሰኔ ጠብቃ። የእማማው ድንች ዝናቡ ሳይበረታ ሥር ጥሏል፤ የእሷ ገና ሲለመልም ሐምሌ ደረሰበት። ክረምቱን መቅደም ገበሬው ከምርምር በፊት ያወቀው ዘዴ ነው። ብዙ ሰው በክረምት ድንች መትከል የሚፈራው፣ በመስኖና በበልግ እርጥበት የሚተክለውም ለዚህ ነው። ማንኮዜብ የሚረጭም አለ፤ ከበሽታው በፊት ካልተረጨ ግን ብዙም አያድንም። ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ መድገም አለ፣ መድገም ደግሞ ገንዘብ ነው።

ከደምበጫ ወጥቼ በጅጋ በኩል ፍኖተ ሰላም ገባሁ፤ ከዚያ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ። ይህ አገር የበርበሬ አገር ነው። በርበሬ ገንዘብ ያመጣል፤ ስለዚህ ጓሮም ማሳም ውስጥ ከድንች ጋር ቦታ ይሻማል። ችግሩ ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ድንች፣ በርበሬና ቲማቲም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ የታመመበትን አፈር ሌላው ይወርሰዋል።

ይህን በዐይኔ ያሳየኝ ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያገኘሁት ወጣት የግብርና ባለሙያ ነው። አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ጠውልጎ የወደቀ የድንች ግንድ ቆረጠ። ቅጠሉ አልጠቆረም፤ አረንጓዴ እንደሆነ ነው የተዝለፈለፈው። ከቤት ብርጭቆ አስመጣና ንጹሕ ውሃ ሞልቶ የግንዱን ቁራጭ አንጠለጠለበት። ዝም ብለን ጠበቅን። ከቁራጩ ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች መውረድ ጀመረ። «አያ፣ አዩት? ይኸ ውሃ ያጣ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። አጠውልግ ይባላል» አለ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን ረዥም ጊዜ አየው። ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲያጠጣው ነበር።

ለዚህ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት የለም። የታመመው ከነአፈሩ ተነቅሎ ይወገዳል፤ ቦታው ለዓመታት በቆሎ፣ ገብስ ወይም ሌላ እህል ይዘራበታል፤ በርበሬ ግን በፍጹም። ውሃው ከዚያ መደብ ወደ ሌላው እንዳይወርድ ቦይ ይቀየራል። የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዘሩ ነው። መልኩ ደህና የሆነ ድንች ውስጡ በሽታ ተሸክሞ ከገበያ ተገዝቶ ጓሮ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው የጓሮ ድንች ዋናው ቁስል ያለው። በየቤቱ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ዘሩን ከየት ታገኛላችሁ? መልሱ ተመሳሳይ ነው። ትልቁ ይበላል፤ መካከለኛው ለቅምሻ ለዘመድ ይላካል ወይም ይሸጣል፤ ማንም ያልፈለገው፣ ለውዝ የሚያህለው ለዘር ይቀመጣል። ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ ይህን የሚያደርግ ገበሬ የለም፤ ለዘር ምርጡን ይለያል። ድንች ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ድንቹ ትንሽ የሆነው እናቱ ታማ ሊሆን ይችላል፤ የድንች ቫይረስ ደግሞ በዘሩ ይወረሳል። ሰው ዓመት በዓመት የደከመውን እየመረጠ ይተክልና «አፈሩ ሰለቸው» ይላል። አፈሩ አልሰለቸም።

የተሻሻለ ዝርያ የለም ማለት አይደለም። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጉደኔን በ2006፣ በለጠን በ2009 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። እዚሁ ጎጃም ያለው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ዘንገናን በ2001፣ ጓሳን በ2002 እ.ኤ.አ. ለቋል፤ ዘንገና ኮሶበር አጠገብ ባለው ሐይቅ ስም ነው። በለጠ በምርምር ጣቢያ በሄክታር ከ400 ኩንታል በላይ የሰጠ ነው፤ የአገሩ አማካይ ምርት የዚህን ግማሽ አይሞላም። ምርጥ ዘሩ ግን ጓሮ ድረስ ሲደርስ ብዙ እጅ አልፎ፣ ስሙ ተረስቶ፣ «ነጩ» እና «ቀዩ» ተብሎ ነው። እማማ የእሳቸው ዝርያ ምን እንደሆነ አያውቁም። «ኸፈረስ ቤት የመጣ ነው» አሉኝ እንጂ። ከደጋ ማምጣታቸው ግን ብልኅነት ነው። ብርዱ ቫይረሱን የሚያዛምተውን ክሽክሽ ስለሚያሳንሰው የደጋ ዘር ጤናማ ነው።

ቡሬ አጠገብ አንድ ጎረምሳ ያሳየኝን ሳልጽፍ አላልፍም። ዘሩን አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በጥር ቢያየው ነጭ፣ ረዥም፣ ሲነካ የሚሰበር ጉንቁል ያገኛል። ልጁ ከባሕር ዛፍ አጠና መደርደሪያ ሠርቷል፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው ክፍት ርብራብ፤ ብርሃን ይገባል፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አይመታም። ድንቹን በስሱ ደርድሮታል። ጉንቁሉ አጭር፣ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ ጫፍ ያለው ነው። ድንቹ ራሱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ለዘር እንጂ ለድስት ስላልሆነ ግድ የለውም። በዚህ ዓይነት ዘሩ ለወራት ይቆያል። ወጪው አጠናና ምስማር ነው፤ አባቱ መጀመሪያ ሲያየው የዶሮ ቆጥ መስሎት ነበር።

ድንቹ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ያየሁት እሱ ዘንድ ነው። ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ግንዱን ከአፈር በላይ አጭዶታል፤ ያኔ ልጣጩ ይጠነክራል፣ ጆንያ ውስጥ አይላጥም። ቁፋሮው ደረቅ ቀን ተመርጦ ነው። ዶማውን ከግንዱ ራቅ አድርጎ ያስገባል፤ እናቱና እህቱ ይለቅማሉ። የቆሰለው ለዛሬ ድስት፣ ደህናው ለጥላ፣ አይታጠብም። የታጠበ ድንች ይበሰብሳል። ነጋዴው መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ሲያወጣ በራሱ ዋጋ እንደሚገዛ ያውቃል፤ ልጁ ግን ከፊሉን ለዘር ስለያዘ ግንቦት ላይ በተሻለ ዋጋ ይሸጣል።

ይህን የሚያነብና ጓሮ ያለው ሰው፣ ደምበጫም ይሁን ሰበታ፣ አንድ ነገር ይሞክር። ድንቹ አብቦ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ በመደቡ መካከል ይዙር። ጠንካራውን፣ ያልተጨማደደውን፣ ቢጫ ያልሆነውን ግንድ እየመረጠ አጠገቡ እንጨት ይትከል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይየው፤ የታመመ ካለ እንጨቱን ይንቀል። ማውጫው ሲደርስ እንጨት ያለባቸውን አስቀድሞ ለብቻ ይቆፍር። ዘሩ ከእነዚያ ሥር የሚወጣው፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህለው ይሁን፤ ለውዝ የሚያህለውን ዛሬውኑ ቀቅሎ ይብላው።